ወፍ የሚያስቀምጥ መጽሐፍ

ቆቦ ላይ ሽንኩርት የሚነግድ ሰው ዋና ሥራው መጠበቅ ነው። ገበሬው እስኪነቅል ይጠብቃል፣ አይሱዙው እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ደላላው ውሸቱን እስኪጨርስ ይጠብቃል። ሌሎቹ ነጋዴዎች ጊዜውን በስልክ ይገፉታል፤ እኔ በልብወለድ። መጋዘኔ በር ላይ ከተደረደረው ጆንያ አንዱን መቀመጫ አድርጌ አነባለሁ። መጽሐፎቹን ሹፌሮች ናቸው ከወልድያና ከደሴ የሚያመጡልኝ። የሚመርጡት በሽፋኑ ስለሆነ ምን እንደሚደርሰኝ አላውቅም። ሽንኩርቱም ጆንያው እስኪፈታ ድረስ እንደዚያው ነው።

በዚህ ሰሞን ሦስት አንብቤያለሁ። አንዱ የፍቅር ነው። ልጁ ልጅቷን መውደዱን ለመንገር የመጽሐፉን ግማሽ ፈጀ፤ እኛ ሰፈር በዚያን ያህል ጊዜ ሁለት ልጅ ይወለዳል። ቢሆንም ሊነግራት ሲል መዳፉን ያላበው ላብ እውነተኛ ላብ ነው፤ ደራሲው ራሱ አንድ ቀን እንዲያ አልቦት ያውቃል። ሁለተኛው ገና ስላልመጣ ዘመን የሚያወራ ነው። ሰዎች ሰማይ ላይ በተንጠለጠለ ከተማ ይኖራሉ፣ ምግባቸው እንክብል ነው። እንክብሉን ማን እንደሚያመርተው፣ ማን እንደሚያከፋፍለው እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አልተነገረኝም። ይህን የዘለለ ሰው ስለ ከዋክብት ቢነግረኝ ምኑን አምነዋለሁ? ሦስተኛው የወንጀል ነው። እሱን እያነበብኩ አይሱዙ መጥቶ ጥሩንባ ሲነፋ አልሰማሁም። ሹፌሩ ወርዶ ትከሻዬን ነካኝ።

"ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው እንዲህ የሚያፈዘው?" አለኝ።

"ወፍ ያስቀምጣል" አልኩት።

ፊቴን አንድ ጊዜ አየኝና ወደ ሚዛኑ ሄደ። ፀሐይ የመታት መስዬው ይሆናል። ላስረዳውም አልሞከርኩም፤ በዚያው ሰዓት መንገዱ ማዶ አንዲት ልጅ እሸት ማሽላ ትጠብስ ነበርና ጭሱ መጥቶ በተገለጠው ገጽ ላይ አረፈ። ወረቀትና እሸት ማሽላ አንድ ላይ ሲሸተኝ እኔ መጋዘን የለኝም፣ ሚዛን የለኝም። ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን ማማ ላይ ያለሁ ልጅ ነኝ፤ አንገቴ ላይ ወንጭፍ፣ ጭኔ ላይ መጽሐፍ አለ።

*

ግቢያችን ውስጥ መምህር አስናቀ የሚባል የጎጃም ሰው አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ምሽት ላይ ብቻውን ሆኖ ይስቃል። አያቴ ይህ ነገር ያሳስበው ነበር፤ አንድ የተማረ ሰው በሩን ዘግቶ ማንም ሳይኖር ምን ያስቀዋል እያለ። በኋላ መምህሩ ወደ አገሩ ተዛወረና የሚኒባስ ጣሪያ ላይ ዕቃውን ሲያስጭን ቦታ ጠበበ። ፍራሹን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ ፍራሹን እንደገና አየ። ሊያገባ ስለነበር አልፈረድኩበትም። ካርቶኑን ለእኔ ሰጠኝና "ዘነቡ፣ አንብቢያቸው" ብሎ ሄደ። ስከፍተው እስከ አፉ ድረስ ልብወለድ ነው።

ወሬው በዚያው ቀን ባለሱቁ አያ ደርሶ ጋ ደረሰ። አያ ደርሶ ስኳርና ቡና በወረቀት እየጠቀለለ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ወረቀት የት ቤት እንዳለ በአፍንጫው ያውቃል። ካርቶኑን ስጠኝ ብሎ ወደ አባቴ ሰው ላከ። አባቴም እሺ ብሎ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማሽላ የዘራ ሰው ነበር። ማሽላ ራሱን ካወጣ ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ የራያ ገበሬ ከወፍ ሌላ የሚያስበው ነገር የለውም። በተለይ ግሪሳ። ግሪሳን አንዷን ብቻዋን ብታዩዋት መንቁሯን ቀይ የተቀባች አንድ እፍኝ ፍጡር ናት፣ ታሳዝናለች። መንጋው ሲመጣ ግን የአንድ ቤት የዓመት ቀለብ ለቁርስ ይበላል፣ ምሳውን ጎረቤት ይሄዳል።

ያን ዓመት የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ የጠዋቱ ወፍ ጥበቃ የእኔና የአያቴ ነበር። አያቴን አባባ እለው ነበር። አገሩ አባ ተፈራ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ደም የተቃቡ ሰዎችን ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ ነው። ዓይኑ ሞራ ስለጋረደው ወፉን አያይም፣ ግን ይሰማል። ሥራችንን ተከፋፍለን ነበር፤ እሱ ማማው ላይ ቆርቆሮ የታሰረበትን ገመድ ይጎትታል፣ እኔ በወንጭፍ ጭቃ እወረውራለሁ።

ካርቶኑን ያዳነው እሱ ነው። ያንን መምህር ምን ያስቀው እንደነበር ሳላውቅ አንድም ወረቀት ከዚህ ቤት አይወጣም አለ። አባቴ ለአባቱ እምቢ አይልም፣ ግን ነጋዴ ቢሆን ያዋጣው ነበር፤ ወዲያው ውል አሰረ። መጽሐፉ ማማ ላይ ይውጣ፣ በወረቀት ምክንያት የተበላ ማሽላ ያየሁ ዕለት ግን ካርቶኑ እንዳለ ደርሶ ሱቅ ይገባል አለ። እኔን እንኳ አላየኝም። ያን ሌሊት ካርቶኑን አልጋዬ ስር አስገብቼ ተኛሁ።

*

የመጀመሪያው መጽሐፍ የጦርነት ነበር፤ የድሮ ነገሥታት፣ ፈረስ፣ ጋሻ፣ መድፍ። በትምህርት ቤት እንደለመድኩት ቆሜ፣ ጮኼ አነበብኩት። መድፉ በተተኮሰ ቁጥር እኔም አብሬ እተኩሳለሁ። ጠዋቱን ሙሉ አንድ ወፍ አላረፈም። አባባ ገመዱን መጎተት ተወና ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ።

ግራና ቀኝ ያሉት ማሳዎችም ይሰሙ ነበር። በግራ በኩል እቴ ዘይነባ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳዋን በራሷ ማማ ላይ የምትጠብቅ፣ ምላሷ ከወንጭፏ የማይተናነስ ሴት። በቀኝ ሲሳይ ነው፤ ገና ያላገባ ጎረምሳ፣ የጅራፉ ጩኸት ሮቢት ከተማ ድረስ ይሰማል እያለ የሚያወራ። ጦርነቱ ሲያልቅ ከየማማቸው አስተያየት መጣ። ሲሳይ ሌላ መድፍ የለም ወይ አለ። እቴ ዘይነባ የንጉሡ ፈረስ ኮርቻ ሲወራ ረፋዱ ማለቁ አናዷት ነበር። ለዚያ ሁሉ ወታደር ማን ጋገረለት፣ ውሃውስ ከየት ተቀዳ ብላ ጠየቀች። መጽሐፉን ወደ ኋላ ገልጬ ፈለግኩላት፤ የለም። ዛሬም የታሪክ ልብወለድ ሳነብ ዓይኔ የሚፈልገው እሱን ነው። የጋገረችውን ሴት ያስታወሰ ደራሲ ካጋጠመኝ ሹፌሮቹን የዚያኑ ሰው ሌላ መጽሐፍ አምጡልኝ እላለሁ።

እኔም አባባም እቴ ዘይነባም የሚነበበው ሁሉ በእውነት የሆነ ነገር ነው ብለን እናምን ነበር። ካልሆነ ማን ያን ያህል ወረቀት ያበላሻል? በአንዱ መጽሐፍ ላይ ሀብታሞች አሳንሰር የሚባል ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብተው፣ በሩ ተዘግቶባቸው፣ ዝም ብለው ይቆሙና ሲከፈት በየፊናቸው ይሄዳሉ። እኔ የተጣሉ ሰዎች እስኪታረቁ የሚታሰሩበት ክፍል አድርጌ ተረዳሁት። አባባ በጣም ወደደው። ከተማ ይህን ካገኘ እኛ በከንቱ ዛፍ ሥር ስንደክም ኖረናል አለ።

ችግሩ የመጣው ከፍቅር ጋር ነው።

ልጁና ልጅቷ ወንዝ ዳር ተገናኙ። ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን አቀራረቡ፤ እኔ ሊጸልዩ መስሎኝ ነበር። የሚቀጥለውን መስመር ሳየው ግን ጸሎት አይደለም። አያቴ አጠገቤ ተቀምጧል። ድምፄ በራሱ ጊዜ ወረደ፣ ወረደና ከንፈሬ ብቻ ቀረ። በዚያች ቅጽበት ወፉ እኛ ማሳ ላይ ዘፍ አለ። ወፍ ፍቅር የት ገጽ ላይ እንዳለ ያውቃል።

እቴ ዘይነባ ከማማዋ ሆና "አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?" አለች። "ወላሂ፣ ለመድፉ ጉሮሮ ነበረሽ፤ ለዚህ ሲሆን ጠፋሽ? ፍቅሩንም እንደ ጦርነቱ አንብቢው።"

አባባ ሳቁን በጋቢው አፈነና አንብቢ አለኝ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከፍቼ፣ ያንን ሁሉ የፍቅር ቃል በአገር ላይ ጮህኩት። ወፉ ተነሣ። ገበያ የሚሄዱ ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ወደ ማማችን አዩ። አባባ የልጅቷ አባት ልጁን ለምን እንደከለከለው ሰምቶ ልጁ ማንን ነው ሽማግሌ የላከው ብሎ ጠየቀኝ። ማንንም አልላከም አልኩት። "እንግዲያ ምን ጠብቆ ነው የሚያለቅሰው?" አለ፤ ለልጁ የነበረው ሐዘኔታ በዚያው አለቀ።

ረፋዱ ላይ አባቴ መጣና በማሳው ዳር ሲሄድ የተለቀሙ የማሽላ ራሶች አየ። ጥቂት ናቸው። አንዱን ቀጠፈና አምጥቶ መጽሐፉ ላይ አስቀመጠልኝ። ባዶ ነው፣ ፍሬ የለውም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ካርቶኑን ግን ለዚያ ጊዜ ተወልኝ።

*

ቀጥሎ ከካርቶኑ የወጣው የወንጀል መጽሐፍ ነበር። ከሁሉም የከፋው እሱ ሆነ፤ ማለቴ ከሁሉም የተሻለው።

አንድ አዲስ አበባ ያለ ባለጸጋ ቤቱ ውስጥ ተመርዞ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ዘበኛው፣ ወንድሙ፣ ሚስቱ፣ የቤተሰቡ ሐኪም፣ ሁሉም ይጠረጠራሉ፤ አንድ መርማሪ ይመጣና ይጠይቃል። እዚህ መጽሐፍ ላይ ድምፄ አልወረደም። የወረደው የሰሚው ነው። እቴ ዘይነባ ወንጭፏን አስቀምጣ ማማችን ሥር መጥታ ተቀመጠች። ሲሳይም ጅራፉን አንጠልጥሎ መጣ። ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ያያል። ሦስት ማሳ በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል ወፍ ምን ያደርጋል? ያርፋል፤ ወፍ የሚያስቀምጥ መጽሐፍ ማለት ይህ ነው።

አባባ ነው መላውን ያመጣው። ማንበቡም አይቅር፣ ዝምታውም አይርዘም አለ። አራት ነጥብ ጋ ስደርስ እጄን አነሣለሁ፣ ሲሳይ ጅራፉን ያጮኻል፣ እቴ ዘይነባ ሃይ ትላለች፣ አባባ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር። ሠራ። ወፉ ሊያርፍ ሲል አራት ነጥብ ይደርስበታል። የሚያሰጋን ደራሲው ዓረፍተ ነገሩን ሲያረዝም ብቻ ነበር። በነጠላ ሰረዝ እየቀጠለ፣ እየቀጠለ ሲሄድ ሲሳይ ጅራፉን አንሥቶ በእንጥልጥል ይቆማል፣ ወፉ ደግሞ ዝቅ ይላል። ጨርስ፣ ጨርስ እያልኩ እሮጥ ነበር። እስካሁን ዓረፍተ ነገር የሚያረዝም ደራሲ ሳነብ የሰው ማሽላ የሚያስበላ ይመስለኛል።

ሲሳይ ገዳዩ ዘበኛው ነው ብሎ ከመጀመሪያው ቀን ወሰነ፤ ሌሊት የማይተኛ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው አለ። እቴ ዘይነባ ወንድሙን ያዘች፤ የውርስ ነገር እሷ ታውቀዋለች። አባባ ግን ከእኛ የተለየ ነገር ነበር የሚያስጨንቀው። ሰው ሞቶ ሁሉም ገዳይ ፍለጋ ይሮጣል፣ ለቅሶ የተቀመጠ የለም ወይ ይላል። ሁሉንም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቁሞ ማስማል እያለ መርማሪው ለምን ሲጋራ ያጨሳል ይላል። አንድ ቀን ሐኪሙ ሊያጽናና ወደ ሟች ቤት መጣ የሚል ቦታ ደረስን። ምግብ ቀረበለት፣ ከሥራ ነው የመጣሁት ብሎ ሳይቀምስ ወጣ። እኔ አልፌው ስሄድ አባባ እጄን ያዘ።

"ቆይ። አልበላም?"

"አልበላም አባባ።"

"እንግዲህ እሱ ነው።"

ሲሳይ ከሥር ሆኖ ሳቀ። "አባ ተፈራ፣ ከተማ እኮ ነው። የከተማ ሰው ሁልጊዜም አይበላም።"

"ደም ያለበት ሰው ከሟች ቤት እህል አይወርድለትም" አለ አባባ። "ስንቱን ሳስታርቅ ያየሁት ነው። አንብቢ።" ሲሳይ ግን ዘበኛውን አልለቀቀም።

*

የመጨረሻው ምዕራፍ በቀረ ጊዜ ዋጃ በኩል ግሪሳ ወረደ የሚል ወሬ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም ሰማዩን እያየን ገባን፤ ግን መጽሐፉም አላልቅ ብሎ ልባችንን ይዞታል። ትንሽ እናንብብና እንበተን ተባባልን። እውነቱን ለመናገር የትኛውም ሰው በትንሹ የሚመለስ አይመስልም ነበር።

መርማሪው ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ ሰበሰበ። በሩን ቆለፈ። ሻዩን በዝግታ ማማሰል ጀመረ። አራት ነጥብ። እጄን አነሣሁ። ጅራፉ አልጮኸም። ሲሳይ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሌላ አራት ነጥብ አለፈ። እቴ ዘይነባ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች፣ አባባ ገመዱን ለቋል። ያን ጊዜ ነው ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ የመሰለ ድምፅ የሰማሁት። ቀና ስል ሰማዩ በምሥራቅ በኩል እየታጠፈ፣ እየተዘረጋ ወደ እኛ ይመጣል። የፊተኞቹ የእቴ ዘይነባ ማሳ ዳር ላይ ማረፍ ጀምረዋል።

በዚያው ቅጽበት አባቴ ጅራፍ ይዞ በወሰኑ ላይ ሲሮጥ ደረሰ። የሆነውን ሁሉ በዓይኑ አየ፤ ጠባቂ ያጣ ሦስት ማሳ፣ ማማ ሥር የተቀመጠ ጎረቤት፣ እጄ ላይ ወረቀት።

"ዘነቡ፣ ያንን ጣይና ወንጭፍሽን ያዢ።"

ካርቶኑ እንዳለቀለት ገባኝ። ጣቶቼ መጽሐፉን አልለቅ አሉ። መልሱን የሰጠው አባባ ነው፤ አልጮኸም፣ ችሎት ላይ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብሎ አባቴን በስሙ ጠራው።

"መኮንን፣ ይህን ሁሉ ቀን ወፍ ያባረረው የእሷ ድምፅ ነው። ልጄ፣ ውረጂና እያነበብሽ ሂጂ። ጮክ ብለሽ።"

ዘልዬ ወረድኩ። በእቴ ዘይነባ ወሰን ላይ መጽሐፉን ፊቴ ላይ ዘርግቼ ሄድኩ፤ ሩጫም አይደለም፣ እርምጃም አይደለም። መርማሪው ከእናንተ መካከል አንዱ ነው ሲል እኔ ለራያ ሜዳ በሙሉ ነገርኩት። ሲሳይ ገዳዩ እንዳያመልጠው ብሎ ከኋላዬ መጣ፣ እቴ ዘይነባ ሲሳይ ሰምቶ እኔ ልቀር ነው ብላ ተከተለች። አሁን አራት ነጥብ ማንም አልጠበቀም። በየቃሉ ጅራፍ፣ በየቃሉ ሃይ። ከኋላ የአባባ ቆርቆሮ ይንጫጫል። ሌሎች ማሳዎች ላይ ያሉ ልጆችም ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ ሰልፉን ሲያዩ ገቡበት። ዋና መንገዱ ላይ የዋጃ ሚኒባስ ቆመና ተሳፋሪው አንገቱን በመስኮት አወጣ።

ወሰኑን ዞርን፣ የእኛን ዳር ያዝን፣ ሲሳይ ማሳ ላይ ስንደርስ መርማሪው ጣቱን ቀሰረ። መንጋው አንድ ጊዜ ተነሣ፣ ሊመለስ ጥላውን በላያችን ላይ ጣለ። ሳንባዬ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቼ የገዳዩን ስም ጠራሁ።

ሐኪሙ ነው።

ሰልፉ ሁሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ለደስታ ይሁን ለንዴት አላውቅም፤ ግሪሳው ግን ያን ጩኸት አልቻለውም። እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ጎሊና ወንዝ በኩል ሄደ። አልተመለሰም።

ሲሳይ ወደ ማማው ዞሮ "አባ ተፈራ፣ ሐኪሙ ነው" ብሎ ተጣራ።

"ብያችሁ ነበር" አለ አባባ ከሩቅ። "አልበላም።"

ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከእኔ ቀጥሎ፣ ከሲሳይም ከእቴ ዘይነባም ቀድሞ የቆመው አባቴ ነበር። ጅራፉ ጭቃ ላይ ይጎተታል፣ ትንፋሹ ተቆራርጧል። መጽሐፉን አየ፣ እኔን አየ።

"ምኑን ነው ያልበላው?" አለ።

እቴ ዘይነባ ነች የመለሰችለት። "አያ መኮንን፣ እሱ በአንድ ቃል አይነገርህም። ቁጭ በል፤ ከመጀመሪያው ነው የሚነበብልህ።"

አባቴ ወሰኑ ላይ ቁጭ አለ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነበብኩለት። ያን ዕለት ትምህርት ቤት የደረስኩት ድምፅ አልባ ሆኜ ነው፤ መምህራኑ አሞኛል ብለው አዘኑልኝ።

ማሽላው የታጨደ ጊዜ በሦስቱም ማሳ ላይ ራሱ በፍሬ እንደከበደ ነበር። አውድማው ላይ ክምሩ ከአባቴ ቁመት ሲያልፍ አያ ደርሶ አባቴ መጀመሪያ እሺ ያለውን ቃል ይዞ ልጅ ላከ፤ ያ ወረቀት ይሰጠኝ፣ ሰው ስኳር ሊገዛ መጥቶ መጠቅለያ የለኝም ብሎ። ልጁ አህያ ይዞ ነው የመጣው። አባቴ ምርቱን ከመስፈር ቀና አላለም። እኔ ግን ክምሩ ጥግ ላይ ተቀምጬ ከካርቶኑ አዲስ መጽሐፍ አውጥቼ ስለነበር ደረቴ ላይ አስጠጋሁት።

"ለጋሽህ ንገረው" አለ አባቴ። "ገዢዎቹ ስኳሩን በእጃቸው ይዘው ይሂዱ።"